ከጦር ሠራዊት ስለ ተረፉ አሮጌ ኦቶሞቢሎች አያያዝና አጠጋገን

ለሥራ የተገዛ በቅሎ ሣር፣ ውሃና ዕረፍት ካላገኘ እንደሚደክም ሁሉ፥ ለሥራ የተገዛ ኦቶሞቢልም ዘይት፣ ውሃና ምርመራ ካላገኘ ዕድሜው ያጥራል። ይህ በማንም ዘንድ የታወቀ ነገር ሲኾን፥ ከጦር ሠራዊት በተረፉት አሮጌ መኪናዎች ላይ ግን ብዙ ጊዜ ሲረሳ ይታያል። ምክንያቱም ባለቤቱ «ይህ ለጦር ሜዳ የተሠራ ብረት ነው፤ ምንም አይነካውም» ብሎ ስለሚያስብ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የጦር ኦቶሞቢል ብዙ ዘመን የሚቈየው ብረቱ ከሌላው ብረት ስለ በለጠ ብቻ አይደለም፤ በሠራዊቱ ውስጥ በነበረበት ጊዜ በየቀኑና በየሳምንቱ የሚመረምረው ሰው፥ ምርመራውም የሚጻፍበት መዝገብ ስለ ነበረው ነው። ሠራዊቱ ኦቶሞቢሉን ሲሸጥ ብረቱን ይሸጣል እንጂ ሥርዐቱን አይሸጥም። ስለዚህ የገዛው ሰው ያንን ሥርዐት በግቢው ውስጥ እንደ ገና ማቋቋም ይኖርበታል። ይህን ያደረገ ሰው በጥቂት ወጪ ብዙ ዘመን ይሠራበታል፤ ያላደረገ ግን ገንዘቡን፥ አንዳንድ ጊዜም ሕይወቱን ያጣበታል።

1ኛ፤ ወደ ኢትዮጵያ ስለ መምጣታቸው

በኢትዮጵያ የጦር ካሚዮን እጅግ በብዛት የታየው በ1928 ዓ.ም. በኢጣልያ ወረራ ጊዜ ነው። ፊያት 634 እና ላንቻ ሮ የተባሉት በናፍታ የሚሠሩ ካሚዮኖች የወራሪውን ሠራዊት ስንቅና ጥይት ያመላልሱ ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ኾኖ ከአገር ሲወጣ ከነዚህ መኪናዎች ብዙዎቹ ቀርተው እህልና ሸቀጥ የሚያመላልሱ ኾኑ። ፊያት 634 በቍጥሩ መጨረሻ ምክንያት «ትሬንታ ኳትሮ» የሚል ስም ወጣለት፤ በኢጣልያ ቋንቋ ሠላሳ አራት ማለት ነው። ካንዴላ፣ ክሪክ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ዳዶ የሚሉትም የጋራዥ ቃሎች ከዚያው ቋንቋ የመጡ ናቸው።

ጂፕ የምትባለው ትንሽ የአሜሪካ የጦር ኦቶሞቢል ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜና ከዚያም በኋላ በብዙ አገር ታወቀች። ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የሶቪየት ኅብረት መሣሪያ በብዛት ወደ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፥ ዋዝ፣ ኡራልና ዚል የተባሉት ተጨመሩ። የነዚህ ሁሉ አሠራር ይለያያል፤ የአያያዛቸው መሠረት ግን አንድ ነው። ከዚህ ቀጥሎ ጂፕ ለምሳሌ ትወሰዳለች፤ አሠራሯ ቀላል ስለ ኾነና ሠራዊቱ ያወጣላት የአያያዝ ደንብ በሚገባ ስለሚታወቅ ነው።

2ኛ፤ የጂፕ አሠራር

በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1941 እስከ 1945 ዓ.ም. ድረስ ዊሊስና ፎርድ የተባሉት ሁለት ፋብሪካዎች በአንድ ንድፍ 640,000 ያህል ጂፖች ሠርተዋል። አንዱ ፋብሪካ የሠራው ዕቃ በሌላው ላይ እንዲገጥም ኾኖ ስለ ተሠራ፥ መለዋወጫ ማግኘትን አቅልሎታል። ሞተሯ ባለ 4 ሲሊንደር ሲኾን ስፋቱ 2.2 ሊትር፣ ኀይሉ 60 የፈረስ ጕልበት ነው። ክብደቷ ባዶዋን 1,100 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ካምቢዮዋ ሦስት የፊት ማርሽ አለው፤ ከዚህ ሌላ የፊት እግሮችን ከሞተሩ ጋራ የሚያገናኝ አንድ ዘንግ፣ የዝግታ ማርሽ የሚያስገባ ሌላ ዘንግ አሏት። የቤንዚን በርሚሏ ከነጂው መቀመጫ ሥር ነው፤ ስለዚህ ቤንዚን ሲቀዳ ሞተሩ ይጥፋ፥ ትንባሆም አይጨስ። የቤንዚኑን ልክ በክብሪት ብርሃን ማየትማ ሞትን መጥራት ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። የፊት እግሮች ማገናኛ የተሠራው ለጭቃ፣ ለአሸዋና ለገደላማ ስፍራ ነው። በደረቅና በጠንካራ መንገድ ላይ አራቱንም እግር አገናኝቶ መንዳት ጥርሶቹን እርስ በርሳቸው ያስጨንቃቸዋል፤ ጎማንም ያስበላል። ጭቃው ሲያልቅ ዘንጉን ወደ ቦታው መመለስ ለነጂው ልማድ መኾን አለበት።

3ኛ፤ የሠራዊቱ ሥርዐት እንዴት እንደ ነበረ

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት በፈረንጅ አቈጣጠር በየካቲት 1944 ዓ.ም. ለጂፕ ባወጣው መጽሐፍ የጥገናውን ሥራ በደረጃ ከፍሎታል። ጥገናው በሠራዊቱ ሁሉ 5 ደረጃ ነበረው። የመጀመሪያው የነጂው ነው፤ የመጨረሻው መኪናው ፈርሶ እንደ ገና የሚሠራበት ትልቅ ፋብሪካ ነው። ትልቁ ጥበብ ያለው ግን በመጀመሪያው ደረጃ ነበር። ነጂው ከመነሣቱ በፊት፣ በጕዞ ላይ፣ በዕረፍት ቦታና ከጕዞ ሲመለስ፥ በ4 ጊዜ የሚመረምረው የተወሰነ ነገር ነበረው። ከዚህም በላይ በየ1,000 ማይል ማለት በየ1,600 ኪሎ ሜትር አንድ ምርመራ፥ በየ6,000 ማይል ማለት በየ9,600 ኪሎ ሜትር ያህል ሌላ ጥልቅ ምርመራ ይደረግ ነበር።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መኪናዋን በሕይወት ያቈያት የመጨረሻው ፋብሪካ ሳይኾን፥ ወታደሩ በየማለዳው ጎንበስ ብሎ ከሥሯ ማየቱ ነው። ይህን ለማድረግ ከማንበብና ከመጻፍ በቀር ትልቅ ትምህርት አያስፈልግም።

4ኛ፤ መኪናው ግቢ በገባ ጊዜ

ከሁሉ አስቀድሞ ወረቀቱ ይታይ። መኪናው ከሠራዊት መዝገብ በሕግ የተሰረዘ መኾኑ፥ በወረቀቱ ላይ ያለውም የሻንሲና የሞተር ቍጥር በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋራ አንድ መኾኑ ይመርመር። ይህ ያልተረጋገጠ መኪና ምንም ርካሽ ቢኾን አይገዛ። የወረዳ ሹማምንትም በመሥሪያ ቤታቸው ስም በሚገዛ መኪና ላይ ይህን አጥብቀው መጠየቅ ይገባቸዋል።

ብዙ ሰው መኪናውን እንዳመጣ ሞተሩን ለማስነሣት ይቸኵላል። ብዙ ዘመን የቆመ ሞተር ግን እንደዚህ ከተነሣ ይጐዳል። አስቀድሞ አሮጌው ቤንዚንና አሮጌው ዘይት ይፍሰስ። ካንዴላዎቹ ይውጡና በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ይንጠብጠብ፤ አንድ ቀን ያህል ከቈየ በኋላ ሞተሩ በእጅ መዘውር በቀስታ ይዙር። እምቢ ካለ በጕልበት አይገደድ፤ ዘይቱ እየተጨመረ በትዕግሥት ይጠበቅ። በርሚሉ ውስጥ ዝገት ካለ ታጥቦ ይጽዳ፤ አለዚያ ዝገቱ ወደ ካርቡሬተር ይወርዳል። የደረቀና የተሰነጠቀ የጎማ ቱቦ ሁሉ ይለወጥ። ቤንዚን ከአልኮል ጋራ ተቀላቅሎ በሚሸጥበት አገር አልኮሉ አሮጌውን ጎማ ስለሚያበላሸው፥ ለዚህ የሚኾን አዲስ ቱቦ መግዛት ነው።

ሞተሩ ቢነሣም ፍሬኑ ሳይመረመር መኪናው ከግቢ አይውጣ። የማይነሣ መኪና ማንንም አይገድልም፤ የማይቆም መኪና ግን ይገድላል።

5ኛ፤ የየዕለቱ፣ የየሳምንቱና የየኪሎ ሜትሩ ሥራ

በየማለዳው የሞተሩ ዘይትና የራዲያተሩ ውሃ ልክ ይታይ፤ ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር እንዳለ ይፈለግ፤ የፍሬኑ መርገጫ ተረግጦ ጠንካራ መኾኑ ይታወቅ፤ ጎማዎች፣ መብራቶችና መሪው ይታዩ። ይህ ሁሉ ከ10 ደቂቃ አይበልጥም። በዕረፍት ቦታ የእያንዳንዱ እግር መኻል በእጅ ጀርባ ይዳሰስ፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚያቃጥል ከኾነ ኩሽኔታው ተበላሽቷል፥ ወይም ፍሬኑ ተጣብቋል ማለት ነው።

በየሳምንቱ የባትሪው ውሃ፣ የቺንጋው ውጥረት፣ የባሌስትራና የእግር ዳዶዎች ጥብቀት ይታይ። በየ1,600 ኪሎ ሜትሩ ግራሶ በሚገባበት ሁሉ ይግባ፤ የካምቢዮና የዲፍረንሻል ዘይት ልክ ይታይ፤ አቧራ በበዛበት አገር የሞተሩም ዘይት ያን ጊዜ ይለወጥ። በየ9,600 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየ6 ወሩ የእግር ኩሽኔታዎች ወጥተው ታጥበው በአዲስ ግራሶ ይግቡ፤ የፍሬን ሸራዎችም ይመርመሩ።

ጂፕ ግማሽ ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ውሃ ልትሻገር ትችላለች። ይኹን እንጂ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ የዲፍረንሻሉን ዘይት ማየት ግድ ነው። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ቶሎ ካልተለወጠም ጥርሱንና ኩሽኔታውን ዝገት ይበላዋል። እርጥብ የኾነ ፍሬን እስኪደርቅ ድረስ ስለማይዝም፥ ከወንዝ ሲወጡ በዝግታ እየነዱ መርገጫውን በጥቂቱ ደጋግሞ መርገጥ ይገባል።

6ኛ፤ ስለ ሞተር፣ ስለ አቧራና ስለ ደጋ አየር

የሞተር ዋና ጠላቱ አቧራ ነው። ወደ ሲሊንደር የገባ አቧራ ከዘይት ጋራ ተቀላቅሎ ብረቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጂፕ ዘይት በተቀመጠበት ማጣሪያ አየሯን ታጠራለች፤ አቧራው በዘይቱ ተይዞ ወደ ታች ይዘቅጣል። በበጋ፥ ይልቁንም ብዙ መኪናዎች ተከታትለው በሚሄዱበት መንገድ፥ ይህ ማጣሪያ በየቀኑ ይታይ፤ ጭቃው ከበዛ ይታጠብና አዲስ ዘይት ይደረግበት።

ለጂፕ ሞተር የካንዴላው ክፍተት 0.75 ሚሊ ሜትር፣ የፑንቲናው ክፍተት 0.5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። የእሳቱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ነው፤ ሽቦዎቹን የሚያወጣ ሰው ይህን ጽፎ ይያዝ። የኤሌክትሪኩ ኀይል 6 ቮልት ነው። 6 ቮልት ከ12 ቮልት ይልቅ ለተመሳሳይ ሥራ እጥፍ ከረንት ስለሚፈልግ፥ ከባትሪው ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ሽቦ ወፍራም መኾን አለበት። በቀጭን ሽቦ የተለወጠበት መኪና ሞተሪኖው ይሰንፋል፤ ባለቤቱም ባትሪው የሞተ መስሎት በከንቱ አዲስ ይገዛል። እንዲህ ባለ ጊዜ አስቀድሞ የሽቦው ውፍረትና የጫፎቹ ንጽሕና ይመርመር።

በደጋ አገር የሚነዳ ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። የመጀመሪያው፥ ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ኀይል ያጣል። እንደ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር ሩብ ያህሉ ይቀነሳል፤ የ60 ፈረስ ሞተር የ45 ያህል ይኾናል። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለሚበዛ ካንዴላው ጥቀርሻ ይለብሳል፤ እንግዲህ ጥቀርሻውን ያየ ሰው ሞተሩን ከመፍታቱ በፊት ካርቡሬተሩን ያስተካክል። ሁለተኛው፥ በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይኾን በ92 ያህል ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ መንገድ በዝገት ከተደፈነ ወይም ቺንጋው ከላላ ሞተሩ ቶሎ ይፈላል። ራዲያተሩ በንጹሕ ውሃ፥ ቢቻል በዝናብ ውሃ ወይም ዝገት በሚከለክል ፈሳሽ ይሞላ። ትኩስ ራዲያተር አይከፈት፤ በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ በድንገት አይፍሰስ፥ ብረቱ ይሰነጠቃልና።

7ኛ፤ ስለ ፍሬን

የጂፕ ፍሬን በፈሳሽ የሚሠራ ነው። መርገጫው አንድ ዋና ፖምፓ ይገፋል፤ ፖምፓውም ፈሳሹን በቀጭን ቱቦ ወደ 4ቱ እግሮች ይልካል። የኋለኛው ዘመን መኪናዎች ፈሳሹን በሁለት መንገድ ከፍለው ይልካሉ፤ በጂፕ ግን መንገዱ አንድ ስለ ኾነ፥ አንዱ ቱቦ ከተቀደደ የ4ቱም እግር ፍሬን በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው፤ እርሱም የሚይዘው የኋላውን ዘንግ ስለ ኾነ ለቆመ መኪና እንጂ በቍልቍለት ለሚሮጥ መኪና አይበቃም።

ለፍሬን የሚደረገው ፈሳሽ ለዚሁ የተሠራው ብቻ ነው። የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው በፖምፓው ውስጥ ያለውን ጎማ ያሳብጠዋል፤ ፍሬኑም ይጠፋል። ትክክለኛውም ፈሳሽ ቢኾን ከአየር ውስጥ እርጥበት እየሳበ ይበላሻል። በፈሳሹ ውስጥ የገባ ውሃ የሚያመጣው አደጋ በሜዳ አይታወቅም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርድ ሰው ግን ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ መርገጫውን ሳያነሣ ቢወርድ ፍሬኑ ይግላል፥ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ውሃ ፈልቶ እንፋሎት ይኾናል። እንፋሎት ሲጨቈን ስለሚታመቅ መርገጫው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ይህ የሚኾነው ፍሬን እጅግ በሚፈለግበት በዚያው ሰዓት ነው።

መድኀኒቱ ሦስት ነው። ፈሳሹ በየ2 ዓመቱ ይለወጥ፤ ሲለወጥም ከዋናው ፖምፓ ከሚርቀው እግር ጀምሮ አየሩ ይውጣ። የጎማ ቱቦዎች መሰንጠቅ ሲጀምሩ ሳይቀደዱ ይለወጡ። ቍልቍለት ሲወርዱ ያንን ዳገት ለመውጣት በሚያስፈልገው ማርሽ አስቀድሞ ገብቶ፥ መኪናውን በሞተሩ መያዝ ነው። ማርሽ አውጥቶ ቤንዚን ለመቈጠብ የሚወርድ ሰው የሚያተርፈው ሳንቲም ሲኾን፥ የሚያስይዘው የተሳፋሪውን ሁሉ ነፍስ ነው።

8ኛ፤ ስለ ጎማና ስለ ክሪክ

በጦርነቱ ዘመን ከተሠሩት ጂፖች ብዙዎቹ ቸርኬያቸው ሁለት ክፍል ኾኖ በዙሪያው በተደረደሩ ዳዶዎች የተጋጠመ ነው። ጎማው ነፋስ እንደ ተሞላ እነዚህን ዳዶዎች የሚፈታ ሰው ቸርኬው በኀይል ተፈንጥሮ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ እግሩን ከመኪናው ለማውጣት የሚፈቱት በመኻል ያሉት 5 ዳዶዎች ብቻ ናቸው፤ የዙሪያዎቹ ከመነካታቸው በፊት ነፋሱ ፈጽሞ ይውጣ፥ መውጣቱም ይረጋገጥ። የቀለበት መቈለፊያ ያላቸው የካሚዮን ቸርኬዎችም አደጋቸው እንዲሁ ነው፤ የነዚህ ሥራ የብረት መከላከያ ላለው ጎሚስታ ይተው።

በጂፕ ግራ ጎን ያሉት የእግር ዳዶዎች ከልማድ በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞሩ ይጠብቃሉ፥ ወደ ቀኝ ሲዞሩ ይፈታሉ። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ የሚፈታ መስሎት እያጠበቀ ብሎኑን ይሰብረዋል።

መኪና በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። መሬቱ ጠንካራና የተስተካከለ ይኹን፤ የማይነሡት እግሮች በድንጋይ ይታገዱ፤ ከተነሣ በኋላ ከሻንሲው ሥር ጠንካራ የእንጨት ግንድ ወይም የብረት መቆሚያ ይደገፍ።

9ኛ፤ ጤናን ስለሚጐዱ ነገሮች

የአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራ፣ የፍሪሲዮን ሸራና አንዳንዱ ጓርኒሲዮን አስቤስቶስ በተባለ ጭረታማ ማዕድን የተሠራ ነው። ብናኙ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ከገባ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰርና ሌላ የሳንባ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ የፍሬን ብናኝ በአፍም ኾነ በአየር ፖምፓ አይነፋ፤ በውሃ ርሶ በጨርቅ ይጠረግ፥ ጨርቁም ታስሮ ይቀበር። አሮጌው ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል ደርቆ አይፋቅ። በሌሊት እንዲያበሩ ራዲየም የተቀቡ የጦር መኪና ሰዓቶችም ስላሉ መስታወታቸው አይከፈት። ሞተር በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነሣ፤ ጢሱ ሽታው ሳይታወቅ ይገድላል። ሕፃናትም ሥራው ከሚሠራበት ስፍራ ይራቁ።

10ኛ፤ በቤት ስለሚሠራውና ወደ ጋራዥ ስለሚሄደው

ዘይት መለወጥ፣ ግራሶ ማስገባት፣ ካንዴላና ፑንቲና ማስተካከል፣ ቺንጋና ቱቦ መለወጥ፣ ራዲያተር ማጠብ፣ ዳዶ ማጥበቅ፥ ይህ ሁሉ በቤት ይሠራል። የመሪ ቴስቲና፣ የፍሬን ዋና ፖምፓ፣ የተሰነጠቀ ሻንሲ መበየድና የሞተር ውስጡ ግን ለሠለጠነ መካኒክ ይሰጥ። መሪና ፍሬን በግምት አይጠገኑም።

ከአንድ በላይ መኪና የሚይዝ መሥሪያ ቤት ወይም ባለእርሻ በተቻለ መጠን አንድ ዐይነት መኪና ይምረጥ፤ ለአንዱ የተገዛ ዕቃ ለሌላውም ያገለግላልና። ፈጽሞ ያረጀውን ለመለዋወጫ ማስቀመጥ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከርሱ የወጣው ዕቃ ሁሉ መቼ እንደ ወጣና በየትኛው ላይ እንደ ገጠመ በመዝገብ ይጻፍ። ሳይጻፍ የሚፈታ መኪና በጥቂት ወር ውስጥ ለማንም የማይጠቅም ክምር ይኾናል።

ስለ መዝገብ ይህ ይበቃል፦ አንድ ደብተር ይገዛና ቀኑ፣ የኪሎ ሜትሩ ቍጥር፣ የተሠራው ሥራ፣ የተገዛው ዕቃ፣ የሠራውም ሰው ስም ይጻፍበት። ነጂው ቢለወጥ ደብተሩ ይቀራል። አዲሱ ነጂ ፍሬኑ መቼ እንደ ተሠራ ደብተሩን ጠይቆ ያውቃል፤ የሚፈርመውም ሹም ገንዘቡ የት እንደ ሄደ ያያል። የተቀደደ ቱቦ ዋጋው ጥቂት ነው፤ በመከር ጊዜ ሞተሩ ተቃጥሎ እህሉ በሜዳ ዝናብ ሲመታው የሚደርሰው ጕዳት ግን ብዙ ነው። የአገራችን ሰው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚለው፥ ባለቤቱ ዛሬ ማታ መኪናው ሲመለስ ከሥሩ ጎንበስ ብሎ ይይና ያየውን በደብተሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፍ።